በርበሬ የተሰጣባት ፀሐይ

እኛ ሰዎች ስናጣ አዋጅ እናስነግራለን፤ ስናገኝ ግን እንደ ሌባ እንሸሸጋለን! አይደለም ትላለህ? እንግዲያው ገበያ ውጣና ያገኘኸውን ገበሬ «ዘንድሮ ምርቱ እንዴት ነው?» በለው። ጎተራው አልከደን ያለው ሰውዬ ፊቱን ኮምጨጭ አድርጎ «ኧረ ምን ምርት አለ ብለህ ነው...» ይልሃል። ነጋዴውን «ገበያ እንዴት ነው?» ብለህ ጠይቀው። «ሞቷል!» ይልሃል፤ ይህንንም የሚልህ ወረፋ በያዙት ደንበኞቹ ትከሻ ላይ ተንጠራርቶ ነው። የታመመ እንደሆነ ግን ሳትጠይቀው ሆዱን ገልጦ ያሳይሃል! በዚህ አገር ስለ ኑሮው እውነቱን የሚናገር መምህር ብቻ ነው። ሐቀኛ ስለሆነ እንዳይመስልህ፤ የሚደብቀው ስለሌለው ነው።

እኔም ብቸና የምኖር የጂኦግራፊ መምህር ነኝና እስካለፈው ጥቅምት ድረስ ከሐቀኞቹ ወገን ነበርሁ። ከዚያ በኋላ ሶላር ገዛሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከዓምናው ማኅበር ነው። ሠፈራችን ውስጥ የሚካኤል ማኅበር አለን፤ የኅዳሩን የምደግሰው እኔ ነኝ። በዚያ ቀን አማቴ የኔታ ልሳኑ ከሞጣ ድረስ ይመጡልናል። የኔታ የታወቁ የቅኔ መምህር ናቸው። ልጃቸውን የሺን ከዳሩልኝ ጀምሮ ግን አንድ ቀን እንኳ «ልጄ» ብለውኝ አያውቁም። «አቶ መምህር» ነው የሚሉኝ፤ እሱንም ሲሉ «አቶ»ዋን ያስረዝሟታል፣ «መምህር»ዋን ያሳጥሯታል። ለእርሳቸው መምህር ማለት ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ቅኔ የሚያስቆጥር ሰው ነው እንጂ፣ ኳስ የምታህል ሉል ይዞ «ምድር እንዲህ ትዞራለች» እያለ የሚያሽከረክር ሰው አይደለም።

ዓምና ታዲያ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ የኔታ መነጽራቸውን ሰክተው የመልአኩን ድርሳን በማንበብ ላይ ሳሉ... መብራት ሄደ! የእኛ አገር መብራት አይጠፋም፤ ይሄዳል። ወዴት እንደሚሄድና መቼ እንደሚመለስ ለቤተሰቡ የማይናገር ጎረምሳ ነው። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ብሎ የተረተው ሰው መቼም ጎጃሜ ሳይሆን አይቀርም። ብቻ እኔ ሻማ ፍለጋ በጨለማ ተነሥቼ ስሮጥ አንድ የሚያደናቅፍ ነገር መታኝ። ሻማው ሲበራ የመታኝ ነገር የጠላው እንስራ መሆኑን አወቅሁ። እንስራው የተደፋው ደግሞ የኔታ ነጭ ጋቢ ላይ ነበር። የኔታ የጋቢያቸውን ጫፍ ጨመቅ ጨመቅ አደረጉና፣ ቀና ብለው አይተውኝ፣ በማኅበርተኛው ሁሉ ፊት እንዲህ አሉኝ፦

«አቶ መምህር፣ ልጄን ስድርልህ ቀን ነበር። ሲመሽ እንዲህ እንደምትጨልም ማን ነገረኝ?»

ማኅበርተኛው በሳቅ ፈረሰ። የሺም ሳቀች! ከዚያ ወዲያ ዓመቱን ሙሉ ገበያ በወጣሁ ቁጥር «መምህር፣ ሲመሽ እንዴት ነህ?» የማይለኝ ሰው ጠፋ። ስለዚህ ማልሁ። ለዘንድሮው ሚካኤል፣ ሰማይ ዝቅ ምድር ከፍ ቢል፣ የኔታ ፊት መብራት አይጠፋም! ከአፋቸውም «ልጄ» የምትለዋን ቃል ሳልሰማ አልሞትም አልሁ።

ጥቅምት ላይ ሞጣ ሄድሁና ሶላር ከሚሸጥ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ጥቁር መስታወት የመሰለውን ሰሌዳ፣ ባትሪውን፣ ኮንትሮለር የሚሏትን ብልጭ ድርግም የምትል ትንሽ ሳጥንና አምፖሎቹን ደርድሮ ምክሩን ለገሰኝ።

«መምህር፣ ይህ ነገር የሚፈልገው ፀሐይን ፊት ለፊት ማየት ብቻ ነው። ጣሪያ ላይ ስቀለው፤ ወደ ደቡብ ዘንበል አድርገው። አቧራ ሲይዝ ወልውለው። ጥላ ግን እንዳታሳየው! የቅጠል ጥላ እንኳ ቢያርፍበት ያኮርፋል።»

«ይህንንማ እኔም አስተምራለሁ» አልሁት ደረቴን ነፋ አድርጌ። እውነቴን ነዋ! ፀሐይ በየወሩ የት እንደምትውል በጠመኔ ስስል የኖርሁ ሰው ነኝ።

ጥፋቱ የጀመረው ሚኒባስ ውስጥ ነው። ሰሌዳውን በጋቢ ጠቅልዬ ጉልበቴ ላይ አቁሜዋለሁ። ከአጠገቤ የተቀመጠ ባለ ሪዝ ሰውዬ ጥቅሉን ካየ፣ ካየ በኋላ «ምንድን ነው የያዝኸው?» አለኝ። «ሶላር ነው» ማለት ምን ይከብዳል? ግን ያደግሁበት አመል ምላሴን ቀድሞ ያዘው።

«የቁም ሣጥን መስታወት ነው።»

«እሰይ! እስኪ ገለጥ አድርገው፤ ሪዜን ልይበት።»

«ኧረ... የተሰነጠቀ ነው!»

«የተሰነጠቀ መስታወት ምን ይሠራልሃል?»

«ልጥለው ነው።»

«ልትጥለው ነው ከሞጣ ብቸና የምትወስደው? ሞጣ መጣያ ጠፍቶ?»

ሰውዬው ወይ እብድ ወይ ሌባ ነው ብሎ ደመደመ መሰለኝ፣ ኪሱን በእጁ ይዞ እስከ ብቸና ፊቱን አዞረብኝ።

ቤት ስደርስ የሺ በደስታ ታቅፈኛለች ብዬ ነበር። ሰሌዳውን ጣሪያ ላይ ልሰቅል መሰላል ሳነሣ ግን ከመሰላሉ ጋር ተናነቀች።

«ጣሪያ ላይ? ጣሪያ ላይ?! ሰው ያየዋል!»

«የሺዬ፣ ይህ ነገር ካልታየ አይሠራም እኮ።»

«ፀሐይ ትየው እንጂ ሰው ምን አግብቶት ያየዋል?»

«ፀሐይ የምታየውን ሰውም ያያል!»

«አንተ ሰውን አታውቅም» አለችኝና መሰላሉን ወስዳ ከቤት አስገባች።

እውነት ለመናገር ሰውን አውቃለሁ። ከእኛ ዝቅ ብሎ ይኖር የነበረውን የጤና መኮንን አስታወስሁት። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ የዋህ ልጅ ነበር። ትልቅ ቴሌቪዥን ገዛና፣ የእኛን ወግ አያውቅምና፣ «አዎ፣ ገዛሁ» ብሎ አመነ! ከዚያች ቀን ጀምሮ ኳስ በኖረ ቁጥር ሠፈሩ እሱ ቤት ይሰፍራል። አልጋው ተሰበረ፤ በሩ ከማጠፊያው ወለቀ፤ አንድ ምሽትማ ራሱ ከቤቱ መቀመጫ አጥቶ ጨዋታውን በመስኮት አየ። ተዛውሮ ሲሄድ ምን የተባለ ይመስልሃል? «ጥሩ ልጅ ነበር፤ ግን ቴሌቪዥኑን ለሠፈሩ ትቶት መሄድ ነበረበት!»

ሶላሩ ጣሪያ ላይ ቢወጣ ነገ ጠዋት የሠፈሩ ስልክ በሙሉ ቻርጅ ሊደረግ በራችን ላይ ይሰለፋል። መዋጮ ሲመጣ «ፀሐይ የገዛው ሰውዬ ይጨምር እንጂ» ይባላል። የሺ ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ዓይንስ? የሰው ዓይን እንኳን መስታወት ድንጋይ ይሰነጥቃል» አለችኝ። እኔ የተማርሁት፣ እኔ የሳይንሱ ሰው፣ «ይህ አጉል እምነት ነው» ልላት አፌን ከፈትሁና «እውነትሽን ነው» አልኋት።

መጀመሪያ ሰሌዳውን ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ በግድግዳውና በአጥሩ መካከል አቆምነው። የሰው ዓይን ጨርሶ የማይደርስበት ቦታ ነው። ችግሩ የፀሐይም ዓይን አይደርስበትም። ኮንትሮለሯ ቀይ መብራቷን እያርገበገበች ስታኮርፍ ዋለች። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሲባል ትሰማለህ፤ የእኔዋ ላም በሰማይ ናት፣ ወተቷም እየወረደ ነው፣ እኛ ግን ጎረቤት እንዳያየን ብለን ማለቢያውን ደብቀን ቆመናል!

መላውን ያመጣችው የሺ ናት። የማን ልጅ መሰለችህ? ሰሌዳውን ግቢው መሃል፣ ፀሐይ ላይ፣ ድንጋይ ተክላ አጋደመችው። ከዚያ ዛላ በርበሬ በሰፌድ አምጥታ ቦታ ሳትተው አሰጣችበት።

«በቃ! ማንም ቢጠይቅህ የበርበሬ ማስጫ ነው።»

«የሺ፣ በርበሬው ከደነውኮ!»

«ቂል! ሰው ሲመጣ ብቻ ነዋ የምናሰጣው!»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን እሳት አደጋ መከላከያ ሆነ። ውሻችን ሲጮኽ የሺ ተዘጋጅቶ የተቀመጠውን ሰፌድ ይዛ በሩጫ ትወጣና በርበሬውን ሰሌዳው ላይ ድፍት! እንግዳው ሲሄድ እኔ ልቅም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ በእኛ ቤት አፍሳሿ እሷ፣ ለቃሚው እኔ ነኝ። ውሻው ደግሞ በሰው ብቻ ቢጮኽ ጥሩ ነበር። በቁራ ይጮኻል፤ በአህያ ይጮኻል፤ አንዳንዴም ትዝ ሲለው ይጮኻል። አንድ ቀን እንዲያው በርበሬ ስለቅም አርፍጄ እየሮጥሁ ክፍል ገባሁና ሳላስበው ዓይኔን አሸሁት። የዕለቱ ትምህርት ስለ ፀሐይ ኃይል ነበር። «ተማሪዎች፣ ፀሐይ... ለሁላችንም... በነፃ...» እያልሁ እንባዬ ዱብ ዱብ ይል ጀመር። ተማሪዎቼ እንደዚያን ቀን ጸጥ ብለው አዳምጠውኝ አያውቁም። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅማ አብራኝ አለቀሰች።

ማታ ማታ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። አምፖሉን ስናበራ ብርሃኑ በመስኮት ይወጣል! ሠፈሩ ጨልሞ የእኛ ቤት ብቻ ቢበራ ምን ይባላል? ስለዚህ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረድነው፤ የበሩን ስንጥቅ በጨርቅ ወተፍነው። እስኪ አስበው ወዳጄ፤ ለማየት ብለን መብራት ገዛን፣ እንዳይታይ ብለን መብራቱን ብርድ ልብስ አለበስነው! በራሳችን ብርሃን፣ በራሳችን ቤት፣ በላብ ተጠምቀን እየተንሾካሾክን ራት እንበላለን።

አንዳንዴ ሳስበው ግን ሠፈራችን ውስጥ ግራ የሚገቡኝ ነገሮች ነበሩ። ለምሳሌ ጎረቤታችን ጋሼ ውበቱ፣ ጡረተኛው፣ ባለፈው ክረምት ማብቂያ ያማረ የዶሮ ቤት ሠሩ። ዶሮ ግን የላቸውም። «ዶሮዎቹስ ጋሼ?» ስላቸው «ይመጣሉ፣ ይመጣሉ» ይሉኛል። ደግሞ መብራት ሄዶ በሰነበተ ጊዜ የሁላችንም ስልክ ሲዘጋ የእርሳቸው ስልክ ይጮኻል። «የድሮ ባትሪ እኮ ነው፤ ቶሎ አይጨርስም» ይላሉ። እኔም ሞኙ የድሮ ዕቃ ጥንካሬ ሲገርመኝ ይውላል።

ሚካኤል ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ውሻችን ከዳን። በተኛበት የጓሮ ጎረቤታችን እትዬ ጥሩዬ «ቤቶች!» ብለው ዘው አሉ። የሺ በርበሬውን ስትደፋና እርሳቸው ግቢ ሲገቡ አንድ ሆነ። እትዬ ጥሩዬ የሠፈሩ ጠላ ጠማቂ፣ የማኅበራችንም አባል ናቸው። ዓይናቸውን ከሰሌዳው ሳይነቅሉ ጠጋ አሉ።

«አቤት ማስጫ! ከየት አገኛችሁት?»

«ከሞጣ ነው፤ ተራ ነገር ነው» አልሁ።

«ጥቁር ነው፤ ፀሐይ ይስባል። ለብቅል እንዴት ያለ ይሆን!»

«ለብቅል እንኳ አይሆንም፤ ለበርበሬ ብቻ ነው።»

«ምነው መምህር! ፀሐይ ብቅልና በርበሬ ትለያለች? የኔው ማስጫ ተይዞብኝ ነው እንጂ... ለናንተው ለሚካኤል ጠላ ልጠምቅ አይደል? ለድግሳችሁ! አውሱኝ።»

የሺን አየኋት። የሺም አየችኝ። ማስጫ አላውስም ያለ ሰው በብቸና ምድር ታይቶ አይታወቅም። ሰፌድ ይዋሳል፤ ወንፊት ይዋሳል፤ ጋን ይዋሳል። እምቢ ብል «ማስጫ አይደለም» ማለቴ ነው። ማስጫ ካልሆነ ምንድን ነው ሊባል ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ!

«ይውሰዱት እንጂ እትዬ ጥሩዬ» አልሁ፣ ልቤ እየደማ።

«ይህ ገመድስ ምንድን ነው?»

«ነፋስ እንዳይወስደው... ማሰሪያ ነው።»

«እንግዲያው እሱንም ጨምራችሁ ስጡኝ፤ የኛ ግቢ ነፋስ ይበዛዋል።»

ራሴ ተሸክሜ አደረስሁላቸው። «ቀስ፣ ቀስ፣ ድንጋይ እንዳይነካው!» እያልሁ ሳስቀምጠው «ማስጫ ነው ብለኸኝ እንደ አራስ ልጅ አቀፍኸውሳ» አሉኝ እየሳቁ።

ከዚያ በኋላ ማስጫዬን ማን ይመልስልኝ? ጠዋት ስሄድ «ብቅሉ ገና አልደረቀም» ይሉኛል። ከሥራ ስመለስ ጎራ ስል «ዛሬ ደመና ነበር እኮ!» ይሉኛል። አንዳች ደመና አልነበረም! የሰማይን ነገር ለጂኦግራፊ መምህር ይዋሹታል? ቢሆንም ምን አፍ አለኝ? የሺና እኔ ባትሪው ውስጥ የቀረችውን ለሚካኤል እንቆጥባት ተባባልንና በጨለማ ተቀመጥን። ብርድ ልብሱ እንኳ ከመስኮቱ ላይ ወርዶ ወደ አልጋው ተመለሰ።

የኅዳር ሚካኤል ደረሰ። የኔታ ከሞጣ መጡ፤ አዲስ ጋቢ ለብሰዋል። ቤት እንደ ገቡ ዙሪያውን ቃኙና ከእንስራው ራቅ ያለውን ቦታ መርጠው ተቀመጡ። ማኅበርተኛው ተሰበሰበ፤ ጸሎቱ ደረሰ፤ ዳቦው ተቆረሰ። ፀሐይ ገባች። መብራቱ አለ! የኔታ መነጽራቸውን ሰኩ፤ ድርሳኑን ገለጡ፤ ማንበብ ጀመሩ። እኔ አንድ ዓይኔን እርሳቸው ላይ፣ አንድ ዓይኔን አምፖሉ ላይ ተክያለሁ።

መብራት ሄደ።

«ኤዲያ!» አለ ማኅበርተኛው ባንድ አፍ። የኔታ በጨለማው ውስጥ ጋቢያቸውን ሰብሰብ ሲያደርጉ ተሰማኝ።

«ማንም እንዳይነቃነቅ!» አልሁ ድምፄን ጎላ አድርጌ። ይህችን ቀን ዓመት ሙሉ ነው የጠበቅኋት! ተነሣሁ፤ ሄድሁ፤ ማብሪያውን ተጫንሁ። ቤቱ ቦግ አለ! ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። የኔታ አምፖሉን አንጋጠው አዩ፤ ቀጥሎ እኔን አዩ። ያ የማይፈታ ፊታቸው ፈካ ሲል በዓይኔ በብረቱ አየሁት።

«ተባረክ! ዘንድሮስ ኮራሁብህ፤ ተባረክ፣ ል...»

ድርግም!

«ል» ብቻ ናት የደረሰችኝ። «ጄ» በጨለማው ውስጥ ቀረች። የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አቶ መምህር፣ ዓምና በድንገት ነበር የጨለመብን። ዘንድሮስ እልል አስብለህ አጨለምኸው።»

ማኅበርተኛው ሊስቅ ሲል የሺ ሻማ ይዛ መጣች። የኔታ መጽሐፉን ወደ ሻማው አስጠጉ፤ ራቅ አደረጉ፤ እንደገና አስጠጉ። መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጠረጉና መልሰው ሰኩ። ከዚያ ቀስ ብለው መጽሐፉን ከደኑት።

«ለዚህ ዓይን ሻማ አልበቃው አለ። ድርሳኑ እንዲሁ እንደ ተቋረጠ ይደር፤ መልአኩ ይቅር ይበለን» አሉ።

ድምፃቸው ውስጥ ቀልድ አልነበረም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከመጽሐፍ ያልተለዩ ሰው፣ ፊደሉ ሲሸሻቸው በሰው ፊት ማመናቸው ነበር። የእኔ ኩራት፣ «ልጄ» መባሌ፣ ሁሉም ረከሰብኝ።

ያኔ ጋሼ ውበቱ ከጥግ ተነሡ።

«እኔ... ዶሮዎቹን አይቼ ልምጣ።»

ዶሮ የላቸውም ብዬሃለሁ! ወጡ። ሲመለሱ በአንድ እጃቸው ባትሪ፣ በሌላው ቤቱን ቀን የሚያስመስል አምፖል ይዘዋል።

«የእህቴ ልጅ ከባሕር ዳር መጥቶ ጥሎት የሄደ ነው። ይሥራ አይሥራ እንኳ አላውቅም ነበር» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴ የምንላቸው፣ ቀጠሉ። «እኔም ጋ አንድ የማይረባ ነገር ነበረች፤ እስኪ ልያት...» ብለው ወጡ። ከዚያማ በሩ መተላለፊያ አጣ! አንዱ «የተበላሸ ነው» እያለ የሚያንጸባርቅ አምፖል ይዞ ይገባል። ሌላው «የሰው አደራ ነው» ይላል። አንዷ ከነጠላቸው ሥር ሲያወጡት «እንዴ! ይሄ ከምን ገባ?» አሉ። ሰው ሁሉ በስርቆት እንደ ተያዘ ሰው መሬት መሬት እያየ ብርሃኑን ያስቀምጣል። መጨረሻ ላይ የገቡት እትዬ ጥሩዬ ናቸው። የእርሳቸው መብራት ከሁሉ በለጠ፤ ዓይን ይወጋል!

ቀስ ብዬ ጠጋ አልሁና «እትዬ ጥሩዬ፣ ብቅሉ ደረቀ?» አልኋቸው።

«ደረቀ፣ ደረቀ!» አሉኝ ዓይናቸውን ከዓይኔ እያሸሹ። «በአንድ ማስጫ ይዘገይብኝ ነበር፤ በሁለት ሲሆን ቶሎ ይሞላ... ቶሎ ይደርቃል!»

ምን ልበል? ማስጫ ነው ያልሁት እኔ! በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች። በገዛ ሰሌዳዬ፣ በገዛ ገመዴ የተሞላ መብራት በገዛ ቤቴ በራልኝና «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ ጥሩዬ» ብዬ እጅ ነሣሁ።

የኔታ በየጥጉ የተደረደረውን ብርሃን አንድ በአንድ ተመለከቱት። ቤቱ እንደዚያ ደምቆ ከዚያ በፊት ታይቶ አይታወቅም፤ የጣሪያችን ሸረሪት ድር ሳይቀር ይቆጠራል።

«ለመሆኑ ይህ ሁሉ ብርሃን እስከ ዛሬ የት ነበር?» አሉ።

የመጀመሪያው ደፋር ጋሼ ውበቱ ሆኑ።

«ከዶሮ ቤቱ ጣሪያ ላይ፣ የኔታ። ሣር አልብሼው።»

«ከጎመኑ መደብ መካከል» አሉ ሙሴው።

«ከጭዱ ክምር ኋላ» አለ ሌላው።

«በርበሬ ሥር» አልሁ እኔም።

እትዬ ጥሩዬ ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኋቸው። የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«መብራት ላይ ዕንቅብ የሚደፋ ሰው እንዳለ ስሰማ ኖሬአለሁ። ፀሐይ ላይ በርበሬ የሚያሰጣ ግን እዚህ ብቸና ነው ያየሁ! እግዜር በነፃ የሰጣችሁን ከማን ነው የምትደብቁት? ሁላችሁም ያላችሁን? እኛ ሞጣ እንዲህ ያለ ነውር የለም! የሞጣ ሰው ያለውን አለኝ ይላል።»

አንገታችንን ደፋን። የኔታ ድርሳኑን ገልጠው ካቋረጡበት ቀጠሉ፤ በዚያ ሁሉ የተደበቀ ብርሃን መሃል ድምፃቸው እንደ ወጣት ጠርቶ ወጣ። ሲጨርሱ መጽሐፉን ሳሙት። ለእኔ ግን ያቺን የቀረች «ጄ» ሳይጨምሩልኝ ወደ መኝታቸው ሄዱ።

በማግስቱ መናኸሪያ ሸኘኋቸው። ከየቤቱ ጣሪያ የመዶሻ ድምፅ ይሰማል፤ ሠፈሩ በተግሣጹ ተነክቶ ሶላሩን እየሰቀለ ነው። የሺ እንኳ መሰላሉን ራሷ አውጥታልኛለች። የሞጣው ሚኒባስ ሊሞላ ሲል የኔታ ግራ ቀኝ ተመለከቱ፤ ክንዴን ያዙና ከመኪናው ጀርባ ወሰዱኝ።

«ልጄ» አሉኝ።

ሙሉዋን ነው ያሉኝ! ከነ«ጄ»ዋ!

«አቤት የኔታ!»

«እንደዚያ ያለ አንድ ለኔም ፈልግልኝ። ዓይኔ ደክሟል፤ ሲመሽ መጽሐፍ ማየት ናፍቆኛል።»

«ምን ገዶኝ የኔታ! ራሴ ይዤልዎት እመጣለሁ፤ ራሴ ጣሪያዎት ላይ ወጥቼ...»

«ዝም በል!» አፌን በመዳፋቸው ከደኑት። «ጣሪያ ላይ? ሰው ያየዋል! አንተ ሞጣን አታውቀውም።»

ረዳቱ «ሞጣ! ሞጣ! የቀረ!» እያለ ጮኸ። የኔታ ገብተው በመስኮቱ በኩል ተቀመጡ። መኪናው ሲንቀሳቀስ አንገታቸውን አወጡና፣ ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማ፣ እንዲህ ብለው ተጣሩ፦

«በርበሬውንም አብረህ አምጣው፣ ልጄ! ዘንድሮ እንደሁ ሞጣ ምን በርበሬ አለ ብለህ ነው!»